ከብቅል እስከ ደም፤ ኤንዛይም ስለሚባለው የሰውነታችን ሠራተኛ

ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ገብሱን በውሃ ይዘፈዝፉታል፤ በቅጠልም ሸፍነው ያቆዩታል፤ ከጎነቆለና ሥር ካወጣ በኋላ በፀሐይ አድርቀው ያስፈጩታል። ይህም ብቅል ይባላል። ያልጎነቆለ ገብስ ተፈጭቶ በብቅሉ ፈንታ ቢገባ ጠላው ጠላ ሆኖ እንደማይወጣ ማንኛዋም ጠማቂ ታውቃለች። ምክንያቱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ሲመረመር ወደ ጋኑ ብቻ ሳይሆን ወደ ገዛ ሰውነታችንም የሚያስገባ በመሆኑ፣ ዛሬ በዚሁ በር ገብተን ፕሮቲን፣ ኒውክሊክ አሲድ፣ ኤንዛይምና በፈር ስለሚባሉት ነገሮች እንነጋገራለን። በመጨረሻም ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ካለበት ቤት እንደርሳለን፤ ዕውቀቱ አብልጦ የሚያስፈልገው እዚያ ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገብስ ፍሬ ለሚወለደው ቡቃያ ስንቅ ቋጥሮ ይጠብቃል። ስንቁ ስታርች ይባላል፤ እርሱም በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ የስኳር ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሠሩት ነው። ሰንሰለቱ ሳይቆረጥ ቡቃያው ሊመገበው፣ እርሾውም ወደ አልኮል ሊለውጠው አይችልም። ፍሬው ርጥበት አግኝቶ ሲነቃ ግን ሰንሰለቱን የሚቆርጥ ሠራተኛ ያበጃል። ጠማቂዋ ገብሱን የምታስጎነቁለው ይህ ሠራተኛ እንዲገኝላት ነው፤ በፀሐይ የምታደርቀውም የቡቃያው ማደግ ቆሞ ሠራተኛው ሳይጠፋ እንዲቆይ ነው።

በ1833 ዓ.ም. ፓያንና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የብቅል ውሃ ወስደው አልኮል ቢጨምሩበት ነጭ ነገር ዘቀጠላቸው። ከዚህ ዝቃጭ ጥቂቱ ብቻ ከራሱ እጅግ የሚበልጥ ስታርች ወደ ስኳር ሲለውጥ አዩ፤ በኃይል ሲሞቅ ግን ሥራው ሁሉ ቀረ። ስሙንም ዲያስታዝ አሉት። ዛሬ የብዙ ኤንዛይሞች ስም በዚያው ድምፅ የሚያልቀው ከዚህ የመጣ ልማድ ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ኤንዛይም ይባላል፤ ሥራውም በሰውነት ውስጥ የሚደረገውን ለውጥ ማፋጠን ነው። ራሱ ግን በሥራው አያልቅም፤ አንዱን ፈጽሞ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ብዙ ሊቃውንት ግን ይህን የመሰለ ሥራ፣ ይልቁንም መፍላት የሚባለውን፣ ሕይወት ካለው አካል ውጭ ማድረግ አይቻልም ብለው ይከራከሩ ነበር። በ1897 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጭማቂውን ለየ፤ በጭማቂው ውስጥ አንድም ሕያው የእርሾ ሕዋስ ሳይኖር ስኳር ቢጨምርበት ፈላ። ክርክሩም በዚሁ አበቃ። ሠራተኛው ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ግን ሌላ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ። አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር በ1926 ዓ.ም. ዩሪኤዝ የተባለውን ኤንዛይም ከአንድ ዓይነት አደንጓሬ አውጥቶ እንደ ጨው ፍሬ አጠራው፤ ፕሮቲን መሆኑንም አሳየ። ይህ ሰው ግራኝ ሆኖ ሳለ በ17 ዓመቱ በአደን ላይ በደረሰ አደጋ ግራ እጁን ያጣ፣ የቤተ ሙከራ ሥራውን ሁሉ በቀኝ እጁ ብቻ የሠራ ነበር። ታላላቆቹ ኬሚስቶች ለብዙ ዓመታት አላመኑትም፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከኒውክሊክ አሲድ የተሠሩ ጥቂት ኤንዛይሞችም መኖራቸው በ1980ዎቹ ዓመታት ቢታወቅም፣ የሚበዙት ኤንዛይሞች እርሱ እንዳለው ፕሮቲን ናቸው።

እንግዲህ ፕሮቲን ምንድን ነው? የመቁጠሪያ ፍሬ በክር ተሰክቶ በዓይነ ሕሊናችሁ ይታያችሁ። ፍሬዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ፤ ዓይነታቸውም 20 ነው። ከእነዚህ 20 ዓይነቶች በተለያየ ቅደም ተከተል በመሰካት እጅግ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ይሠራል። እንግሊዛዊው ፍሬዴሪክ ሳንገር ኢንሱሊን በተባለው ፕሮቲን ውስጥ ያሉትን 51 ፍሬዎች ተራ በተራ ለይቶ እስከ 1955 ዓ.ም. ጨረሰ፤ ለዚህም አሥር ዓመት ገደማ ደክሟል። ነገር ግን ፕሮቲን እንደ መቁጠሪያ ተዘርግቶ አይቀመጥም። ከፍሬዎቹ አንዳንዶቹ ውሃ ይወዳሉ፤ አንዳንዶቹ ውሃ ይሸሻሉ፤ አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ኃይል ይዘው እርስ በርስ ይሳሳባሉ ወይም ይገፋፋሉ። ስለዚህ ክሩ ይጠቀለላል፣ ይታጠፋል፣ የራሱ የሆነ ቅርጽም ይይዛል። በኤንዛይም ላይ ሥራው የሚካሄድበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ የዲያስታዝ ጎድጓዳ ለስታርች እንጂ ለሥጋ አይሆንም፤ መክፈቻ ሁሉ ሁሉንም ቁልፍ እንደማይከፍት ነው። የፕሮቲን ሥራው ቅርጹ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

የፍሬዎቹን ቅደም ተከተል የሚያዘው ኒውክሊክ አሲድ ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ለሆነ አንባቢ ይህን ማስረዳት ቀላል ይመስለኛል። ዋናው ሰነድ ዲ ኤን ኤ ይባላል፤ በሕዋሱ መዝገብ ቤት፣ ማለትም በኒውክሊየሱ ውስጥ ተቀምጦ አይወጣም። ሥራ ሲያስፈልግ ከእርሱ ላይ ግልባጭ ይወሰዳል፤ ግልባጩ አር ኤን ኤ ነው፤ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ፕሮቲን ወደሚሰካበት ክፍል የሚሄደውም እርሱ ነው። የዲ ኤን ኤን መልክ ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ዓ.ም. የገለጹ ሲሆን፣ ያለ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ሥዕል ግን ይህ ባልተቻላቸውም ነበር። ሰነዱ የተጻፈበት ፊደል አራት ብቻ ነው፤ ሦስት ሦስት ፊደል እየሆነ አንድ አሚኖ አሲድ ያመለክታል። ከ200 በላይ ፊደል ላለን ለእኛ አራት ፊደል የሚያንስ ይመስላል፤ ሆኖም ዝሆንም ሰናፍጭም የተጻፉት በእነዚሁ ነው።

የአንድ ፊደል ስሕተት ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት በደማችን ውስጥ አየር የሚያመላልሰውን ሄሞግሎቢን እንመልከት። ይህ ፕሮቲን አራት ሰንሰለቶች፣ በጠቅላላው 574 ፍሬዎች አሉት። ከሰንሰለቶቹ በሁለቱ ላይ ስድስተኛው ፍሬ ግሉታሚክ አሲድ መሆኑ ቀርቶ ቫሊን ሲሆን፣ ውሃ የሚወደው ውሃ በሚሸሸው ተተካ ማለት ነው። ሄሞግሎቢኖቹ አየራቸውን ካራገፉ በኋላ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ክብ የነበረው ቀይ የደም ሕዋስም እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ በቀጭን የደም ሥር ውስጥ እየታገደ ብርቱ ሕመም ያመጣል። በሽታው የሄሞግሎቢን በሽታ መሆኑን ላይነስ ፖውሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 ዓ.ም. አስታወቁ፤ የፍሬዋን መለወጥ ደግሞ ቨርነን ኢንግራም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገኘ። በሰነዱ ላይ የተለወጠው አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ ትክክል ቢሆንም ቅርጹ በሌላ ምክንያት ሊፈርስ ይችላል። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ የሚረጋው ሙቀት የፕሮቲኑን እጥፋት ስለሚፈታው ነው፤ ቀዝቅዞም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ወተት ሲኮመጥጥ ደግሞ እሳት ሳይነካው ይረጋል፤ ይህን የሚያደርገው አሲድ ነው። አሲድ ሲበዛ በፍሬዎቹ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ይለወጣል፤ መሳሳቡና መገፋፋቱም ይዛባል። እያንዳንዱ ኤንዛይም የሚስማማው የአሲድ ልክ አለው። በጨጓራ የሚሠራው ፔፕሲን ኮምጣጣውን ይወዳል፤ ወደ አንጀት ሲወርድ ግን ሥራ ይፈታል፤ በዚያ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው።

ይህን ልክ በቁጥር ለመግለጽ ዛሬ ፒኤች የምንለውን መለኪያ ያወጣው ዴንማርካዊው ሶረንሰን በ1909 ዓ.ም. ነው። የሚሠራውም በኮፐንሃገን፣ አንድ የቢራ ፋብሪካ ባለቤት ባቋቋመው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ነበር፤ ወደ ብቅላችን ተመለስን ማለት ነው። በመለኪያው ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ከዚያ ሲያንስ አሲድ ይበዛል። አንድ ቁጥር ዝቅ ሲል አሲዱ አሥር እጥፍ እንደሚጨምር ማስታወስ ያሻል። የጤነኛ ሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ወደ 7.1 ቢወርድ ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን አሲዱ እጥፍ ሆኗል፤ ሰውየውም በብርቱ ታሟል። ከ6.8 ገደማ በታች ሕይወት ሊቆይ አይችልም።

ይህን ጠባብ ልክ የሚጠብቀው በፈር ነው። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ብርቱ የጨው አሲድ ብትጨምሩ ፒኤቹ ከ7 ወደ 2 ገደማ ይወድቃል። በደም ላይ እንዲህ አይደለም፤ በደም ውስጥ ጎተራ አለና። እህል ሲተርፍ ጎተራው ይቀበላል፤ ሲጎድል ያወጣል፤ የቤቱ ማዕድ ግን ሳይለዋወጥ ይኖራል። የደሙ ዋና ጎተራ ባይካርቦኔትና ካርቦኒክ አሲድ የተባሉ ጥንዶች ናቸው። አሲድ ሲመጣ ባይካርቦኔቱ ይይዘውና ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ይህም ውሃና የካርቦን ዳዮክሳይድ አየር ሆኖ አየሩ በሳንባ ይወጣል። ለውጡን ወዲያና ወዲህ የሚያፋጥነው በቀይ የደም ሕዋስ ያለ ኤንዛይም ነው፤ አንዱ ሞለኪውል በአንድ ሴኮንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ገደማ የካርቦን ዳዮክሳይድ ቅንጣቶችን ይሠራል። ሳንባ አየሩን በደቂቃዎች ያስወጣል፤ ኩላሊት የጎደለውን ባይካርቦኔት የሚተካው ግን በሰዓታትና በቀናት ነው። ስለዚህ ጎተራው በድንገት ሲራቆት ኩላሊት አይደርስለትም።

ጎተራውን በድንገት ከሚያራቁቱት አንዱ ተቅማጥ ነው። በአንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ፣ ሕፃኑ ሲያስቀምጠው የሚወጣው ውሃና ጨው ብቻ አይደለም። ደሙ ወደ አሲድ ያዘነብላል፤ ሳንባው ለማካካስ ይጣደፋል፤ ሕፃኑ በጥልቅና በፍጥነት ይተነፍሳል። ወላጅ ይህን አይቶ ብርድ መታው፣ ሳንባው ታመመ ሊል ይችላል። ዓይኑ የሰረጎደ፣ የደከመ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም እንዲህ የሚተነፍስ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን በቤት የሚደረግ ነገር አለ፤ እርሱም የአንድ ፕሮቲን ሥራ ነው። በአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርንና የጨውን ሶዲየም አብረው ሲመጡ ብቻ የሚያስገባ በር የሆነ ፕሮቲን አለ፤ ይህን ጥምረት ሮበርት ክሬን በ1960 ዓ.ም. በፕራግ ስብሰባ ላይ አስረዳ። ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ኮሌራ እንኳ ይህን በር አይዘጋውም። በ1971 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሕንድ ድንበር ባለ የስደተኞች ሰፈር በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ቢያልቅባቸው፣ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጠው በሽተኞቹን አጠጡ፤ ከመቶ 30 ያህል የነበረው ሞት ከመቶ 4 በታች ወረደ።

ዛሬ በፋርማሲ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦ አር ኤስ የምንለው፣ ከዚሁ የተገኘ ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ቀመር መሠረት ለአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለበት። የመጨረሻው የተጨመረው ስለ ጎተራው ነው፤ ሰውነት ሲትሬትን ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋልና። በዚህ ምክንያት የውሃው ልክ ሊዛባ አይገባም። ውሃው ቢያንስ ጨውና ስኳሩ ጠንክሮ ከሕፃኑ አካል ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ቢበዛ ደግሞ የጠፋውን አይተካም። "ጠንከር ቢል ይሻለዋል" ብሎ ግማሽ ሊትር ላይ አንዱን ከረጢት መገልበጥ ሕፃኑን መጉዳት ነው።

ስለዚህ በከረጢቱ ላይ የታዘዘው አንድ ሊትር ከሆነ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ሙሉውን በጥብጡ፤ የአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ለመስፈሪያ ይበቃል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ካደረ ይደፋ። ጡት የሚጠባው ሕፃን ጡቱን አይከልከል። በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ስጡት፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ያህል ታግሣችሁ፣ ከበፊቱ ቀስ ብላችሁ እንደገና ጀምሩ።