ሰውነታቸው ለከበደ ጀማሪ ፈረሰኞች የሚበጅ ምክር

ፈረስ በአገራችን የክብር እንስሳ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ይሁን እንጂ በከተማ ተቀምጦ በጠረጴዛ ሥራ የሚውለው ሰው ከፈረስ ጀርባ ርቋል፤ ሰውነቱም ከዓመት ወደ ዓመት ከብዷል። እንዲህ ያለው ሰው ግልቢያ ለመማር ሲያስብ ሁለት ነገሮች ያግዱታል፤ አንደኛው ሰው ይስቅብኛል የሚል እፍረት፣ ሁለተኛው ፈረሱ አይችለኝም የሚል ሥጋት ነው። እፍረቱ ከንቱ ነው፤ ሥጋቱ ግን በቁጥር ሊመረመር ይገባዋል።

በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ8 ፈረሶች ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የታተመ ምርመራ አለ። ፈረሶቹ ከገዛ ክብደታቸው 25 ወይም 30 ከመቶ ሲጫኑ፣ 15 ወይም 20 ከመቶ ከተጫኑበት ጊዜ ይልቅ ልባቸው ፈጥኖ ሲመታና ጡንቻቸው ሲታመም ታይቷል። ስለዚህ ጋላቢውና ኮርቻው ተደምረው ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛውን ባያልፉ ይመረጣል።

ሚዛን በሌለበት ስፍራ የፈረሱን ክብደት በሜትር ገመድ መገመት ይቻላል። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ቀጥሎም ከትከሻው ፊት እስከ መቀመጫው መጨረሻ ያለውን ርዝመት በሳንቲ ሜትር መለካት ነው። ዙሪያው በራሱ ይባዛል፤ የተገኘው በርዝመቱ ይባዛል፤ ብዜቱም ለ11,880 ይካፈላል። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 130 የሆነ ፈረስ 246 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሊሸከም የሚገባውም 49 ኪሎ ገደማ ነው። በአንጻሩ 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ኮርቻ ቢጨምር 105 ይሆናልና፣ 525 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ያስፈልገዋል።

የአገራችን ፈረስ በብዛት ትንሽ ስለሆነ፣ ከባድ ሰው ከውጭ ዘር የተዳቀለ ትልቅ ፈረስ ያለበትን ቤት መፈለግ ይኖርበታል። ባያገኝ ግን ተስፋ አይቁረጥ። ፈረሱን እየሳበ በእግሩ ይሂድ፤ መቦረሽን፣ መመገብንና ኮርቻ መጫንን ይማር። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ፈጠን ብሎ በእግር መሄድም ዝግ ብሎ በሚራመድ ፈረስ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ሰውነትን ያሠራል።

የፈረስ ቤት ሲመረጥ እነዚህን ማስተዋል ያሻል፦

1ኛ/ ባለቤቱ ሳያፍር ክብደትዎን ይጠይቃል ወይ? የማይጠይቅ ሰው ለፈረሱም ለእርስዎም አያስብም።

2ኛ/ የፈረሶቹ ጀርባ ከቁስል፣ ኮቴያቸው ከስንጥቅ የነጻ ነው ወይ? ጋጣው ደረቅ፣ የሚጠጡት ውሃስ ንጹሕ ነው ወይ?

3ኛ/ ጽኑ መወጣጫ አለ ወይ? ከመሬት እርካብ ረግጦ መውጣት የፈረሱን ጀርባ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

4ኛ/ ለጀማሪ የሚሰጠው ፈረስ በዕድሜ የበሰለና ገራም ነው ወይ?

የመጀመሪያው ትምህርት በሜዳማ ስፍራ፣ ሰው ፈረሱን እየሳበ፣ በእርምጃ ብቻ ይሁን፤ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃም አይለፍ። ሚዛኑን ያልጠበቀ ጋላቢ በኮርቻው ላይ ስለሚነጥር፣ ቁጥሩ ከሚያሳየው ይልቅ ጀርባን ይጎዳል። ሶምሶማ መቀመጥን ከለመዱ በኋላ የሚመጣ ነው። የራስ ቁር ሳያጠልቁ መውጣት አይገባም። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ሰውም አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ስለ ንጽሕናም የምናሳስበው አለ። በፈረስ ፋንድያና በጋጣ አፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስያን ይገኛሉ። ስለዚህ ክትባቱን አስቀድሞ መከተብ፣ ጥቂት ጭረት እንኳ ቢደርስ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከጋጣ ሲወጡም እጅን መታጠብ ግዴታ ነው።

መምህራንም ይህን ሒሳብ በክፍል ውስጥ ቢያሠሩት፣ ቤተሰቦቻቸው ፈረስ ለሚጭኑ ልጆች ጥሩ ትምህርት ይሆናቸዋል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንዲሉ፣ ፈረስ ወደ ጤና መንገድ ያደርሰን ይሆናል፤ በልክ መብላቱ፣ በእግር መሄዱና መትጋቱ ግን የራሳችን ፈንታ ነው።