ነዳጅ ሲሰጡት የሚያመነታ የጀልባ ሞተር፦ ጥፋቱ የከፍታው ነው የሻጩ?

በጣና ሐይቅ ላይ ሰው ለማመላለስ፣ ዓሣ ለማስገር ወይም ጎብኚ ወደ ገዳማቱ ለማድረስ ገንዘቡን የሚያውል ነጋዴ ገቢው የሚወሰነው ከጀልባው ጀርባ በሚታሰረው ሞተር ነው። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎርጎራ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከተመረጡት ሦስት ሥፍራዎች አንዷ በመሆኗ፣ ሐይቁ ለዳባትና ለደባርቅ ባለገንዘብም ሊታሰብ የሚገባው ገበያ ነው። ይሁን እንጂ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው በብዛት የሚገጥመው ችግር አለ። ሞተሩ ተነስቶ በዝግታ ሲሠራ ጤነኛ ይመስላል፤ ነዳጅ ሲጨመርለት ግን ይታነቃል፣ ያመነታል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሻጩ «የደጋ አየር ነው» ይላል፤ መካኒኩ «ካርቡሬተሩ ይቀየር» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሳይፈተሹ ከታመኑ ግን ኪሳራው የገዢው ነው።

ከፍታ ምን ይወስዳል?

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው 84 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር በጣና ላይ የሚሰጠው ከ33 እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው። ወደ በየዳ የሚወጣው የጭነት መኪና ሹፌር ይህን ያውቀዋል፤ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ አየሩ ወደ 76 በመቶ ይወርዳል።

ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በከፍታ ላይ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን፣ የበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ምልክቱ ካንዴላው ጥላሸት መልበሱ፣ ጭሱ መጥቆሩና ቾኩ ሲሳብ ሞተሩ መባሱ ነው። መፍትሔውም አነስ ያለ ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ጠባብ ቀዳዳ ማስገባት ነው። ነዳጁን በኮምፒዩተር የሚመጥኑት አዳዲስ ሞተሮች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልሱም።

እዚህ ላይ ገዢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የሐይቁ ከፍታ አይለዋወጥም። ባለፈው ወር በዚያው በጣና ላይ ደህና ይሮጥ የነበረ ሞተር ዛሬ ቢያመነታ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ምርመራው ወጪ ከሌለበት መጀመር አለበት። የቤንዚን ታንኩ ክዳን የአየር መተንፈሻ ከተዘጋ ነዳጅ አይወርድም። በጀሪካን ለወራት የቆየ ቤንዚን ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል፤ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትም ሞተሩን ያንቃል። ስለዚህ ፍተሻው በትኩስና ንጹሕ ቤንዚን ይሁን።

ቀጥሎ ሞተሩ ሲያመነታ በነዳጅ ጎማው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ መጭመቅ ነው። በዚህ ጊዜ ከተሻለው ችግሩ ደካማ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተደፈነ ማጣሪያ ወይም አየር የሚያስገባ ጎማ ነው። ቾኩ በጥቂቱ ሲሳብ ከተሻለው ደግሞ ነዳጅ አንሶታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የካርቡሬተሩ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል። ይህ በማጽዳት ስለሚድን ሙሉውን ካርቡሬተር ለመቀየር መቸኮል አያስፈልግም።

በሁለቱም ለውጥ ካልታየ ተራው የእሳት ነው። ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድና ኮይል ይታያሉ። በመጨረሻ ኮምፕሬሽኑ ይለካል። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ካለፈ ሞተሩ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው፤ ይህም ከሁሉም የከበደ ወጪ ነው።

ያለጭነት በደንብ ፈጥኖ ጀልባውን ሲገፋ ብቻ የሚደክም ሞተር ከሆነ ፕሮፔለሩም ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ ሥሩ ከፕሮፔለሩ ጋር ይጠመጠማል፤ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውንም ይደፍናል። ለቆላ ሐይቅ የተመረጠ ፕሮፔለርም ጉልበቱ ለቀነሰ ሞተር ይከብዳል።

በድርድር ጊዜ

በበርሜል ውሃ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ስለ ጭነት የሚናገረው ጥቂት ነው። ያለውሃ ማስነሳት ደግሞ የውሃ ፓምፑን ጎማ ያቃጥላል። ተገቢው ፍተሻ ሞተሩን በሐይቁ ላይ፣ ሰው በተጫነበት ጀልባ፣ ገዢው ባመጣው ቤንዚን፣ ከዝግታ እስከ ሙሉ ፍጥነት መሞከር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስና ማዕበል ሲነሳ መሀል ሐይቅ ላይ የሚጠፋ ሞተር የሚያሳጣው የቀን ገቢ ብቻ አይደለም፤ የተሳፋሪ ሕይወትም አለበት።

ጥፋቱ ጄት፣ ጎማ ወይም ካንዴላ ሆኖ ከተገኘ ዋጋ ለማስቀነስ ያገለግላል፤ ግዢውን ግን ማፍረስ የለበትም። ኮምፕሬሽኑ የወረደ ከሆነ ግን ደላላው ምንም ቢያግባባ፣ ሞተሩ መገመት ያለበት በመለዋወጫነቱ ብቻ ነው።