በአሜሪካ የፖሊስ መዝገብና የተያዥ ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚጠየቅ

ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ አሜሪካ የሰደደ ቤተ ሰብ፥ እንዲሁም በዚያ አገር ከሚኖር ሰው ጋራ የንግድ ማኅበር ለማቆም የሚያስብ ነጋዴ፥ አንዳንድ ጊዜ «እገሌ በፖሊስ ተይዞ ነበር» የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ወሬው እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን የሚመረምርበት መንገድ አለ፤ በዚያ አገር በብዙው ስፍራ ፖሊስ አንድን ሰው የያዘበት መዝገብ የሕዝብ መዝገብ ተብሎ ስለሚቈጠር፥ የሚፈልገው ሰው በማመልከቻ ጠይቆ ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን የሚያገኘው ወረቀት ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር ያላስተዋለ ሰው፥ በዚሁ ወረቀት ንጹሑን ሰው ሊጐዳበት ይችላል።

በመጀመሪያ የቃሉን ነገር እንመልከት። እንግሊዞች «አረስት» የሚሉትን ብዙዎቹ አስተርጓሚዎች «መታሰር» ብለው ይመልሱታል። በእኛ ቋንቋ ግን «ታስሮ ነበር» ሲባል፥ ሰሚው ተፈርዶበት በወህኒ ቤት የከረመ ሰው ይመስለዋል። ፖሊስ ጠርጥሮ መያዙ፥ ዐቃቤ ሕግ መክሰሱና ዳኛ መፍረዱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የፖሊሱ መዝገብ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ «የተያዘበት መዝገብ» ብሎ መተርጐሙ የተሻለ ነው። ኢጣልያኖች «ፌዲና ፔናሌ» የሚሉትን ወረቀት የሚያውቁ ሽማግሎቻችን የአሜሪካው መዝገብ ከዚያ ጋራ አንድ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ፌዲና ፔናሌ የሚጽፈው የተፈረደውን ፍርድ ሲሆን፥ የአሜሪካው የፖሊስ መዝገብ ክሱ የተሰረዘለትንና በነጻ የተለቀቀውንም ሰው አብሮ ይይዛል።

የፎቶግራፉም ነገር እንደዚሁ ነው። ተያዡን ከፊት ለፊትና ከጐን አድርጎ በአንድ ሥርዐት ማንሣትን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያደራጀው በፓሪስ ፖሊስ የነበረው አልፎንስ ቤርቲዮን ነው። የእርሱ ዐሳብ ስሙን የሚለዋውጠውን ወንጀለኛ በመልኩና በአካሉ ልክ ለይቶ ለማወቅ ነበር እንጂ፥ ለሕዝብ ለማሳየት አልነበረም። ዛሬ በአሜሪካ ማንኛውም ሰው ተይዞ ወደ ማረፊያ ቤት ሲገባ ስሙ ይመዘገባል፤ የጣቱ አሻራ ይወሰዳል፤ ፎቶግራፉም ይነሣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዳኛ ነገሩን ከማየቱ በፊት ነው።

ለነጋዴዎች በተለይ የሚጠቅም አንድ ነገር በኬንተኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ተደርጓል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል።) በ1972 ዓ.ም. የከተማው ፖሊስ ከመደብር ዕቃ ይሰርቃሉ ያላቸውን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በወረቀት አሳትሞ ወደ 800 ለሚሆኑ ነጋዴዎች አደለ። ከተዘረዘሩት ሰዎች አንዱ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ይህ ሰው በ1971 ዓ.ም. በስርቆት ተጠርጥሮ ቢያዝም፥ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ተከራክሮ ነገሩ ሳይፈረድ በእንጥልጥል ቀርቶ ነበር፤ ወረቀቱ ከታደለ በኋላም ክሱ ተሰረዘ። አሠሪው ከሥራ ባያባርረውም፥ ዳግመኛ እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ እንዳይገኝ አስጠነቀቀው። ሰውዬው የፖሊስ አለቆችን ከስሶ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1976 ዓ.ም. የተሰጠው ፍርድ ግን የስም መጥፋት ብቻውን በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብትን መንፈግ አይደለም የሚል ሆነ። በግዛቱ ሕግ ስለ ስም ማጥፋት መክሰስ ይችል እንደ ነበር ዳኞቹ አመለከቱ። ከ800ው ነጋዴዎች መካከል ክሱ መሰረዙን የሰማው ስንቱ ይሆን?

ወደ አጠያየቁ እንመለስ። በ1966 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት የመረጃ ነጻነት ሕግ የሚያስገድደው የፌዴራሉን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው። አብዛኛውን ሰው የሚይዘው ግን የከተማና የወረዳ ፖሊስ ስለ ሆነ፥ ማመልከቻው የሚጻፈው በየግዛቱ ሕግ መሠረት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉን ከአንድ መሥሪያ ቤት በመጠየቅ ነው። ሰውዬውን የያዘበትን ምክንያት የሚጽፈው የከተማው ፖሊስ ነው። ማረፊያ ቤቱን የሚያስተዳድረው አብዛኛውን ጊዜ «ሸሪፍ» የሚባለው የወረዳው ሹም ስለ ሆነ፥ ፎቶግራፉ የሚገኘው ከእርሱ ዘንድ ነው። የነገሩን መጨረሻ የሚያውቀው ግን የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ነው። በእኛ አስተያየት አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ክሱ መሰረዙ ከታወቀ የፎቶግራፉ ጥቅም ምንድር ነው?

ማመልከቻው አጭር ይሁን። የሰውዬውን ሙሉ ስም፥ የተወለደበትን ቀን፥ የተያዘበትን ቀንና ስፍራ፥ የሚፈለገውን ወረቀት ዐይነት ለይቶ መጻፍና ለግልባጭ እስከ ስንት ብር ለመክፈል ፈቃደኛ እንደ ሆኑ መግለጽ ይበቃል። በፍሎሪዳ፥ ለምሳሌ፥ ሕጉ ለተራ ግልባጭ በአንድ ገጽ 15 ሳንቲም ያስከፍላል። ጥያቄው ካልተፈቀደ የተከለከለበት የሕግ ቍጥር በጽሑፍ እንዲገለጽ ማሳሰብ ይገባል፤ ያለዚያ ይግባኝ ለማለት ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የስማችን ነገር ነው። ለአሜሪካዊው ጸሐፊ የአባታችን ስም የቤተ ሰብ ስም ነው። ገብረ ሥላሴ የተባለውን ሰው «ገብረ» በስሙ፥ «ሥላሴ» በመካከለኛ ስሙ ከፍሎ ይመዘግበዋል፤ የላቲኑም ፊደል አጻጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። የልደቱም ቀን በእኛ አቈጣጠር ተጽፎ ከሆነ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል። የተወለዱበትን ቀን የማያውቁ ብዙ ስደተኞች ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ስለ ተጻፈላቸው፥ በስምም በልደት ቀንም የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች መገኘታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ የስሙን አጻጻፍ ልዩ ልዩ መልክ ሁሉ በማመልከቻው መዘርዘር ያስፈልጋል፤ መልሱም ሲመጣ «ይህ የእኛው ሰው ነው» ብሎ ከመቍረጥ በፊት አድራሻውንና ዕድሜውን ማመሳከር ግድ ነው። የሌላውን ሰው ወረቀት ይዞ የወንድምን ልጅ ከሥራ ያስወጣ አጎት ምን ይባላል!

ሕጉ በሁሉም ስፍራ አንድ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የቨርጂኒያ ግዛት መዝገቡን ለራሱ ግዛት ነዋሪዎች ብቻ ለመፍቀድ እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ዓ.ም. ፈርዷል፤ ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ነዋሪ በሆነ ዘመድ በኩል ማመልከቱ ይሻለዋል። በኒው ዮርክ ክሱ የተሰረዘለት ሰው መዝገብ ይታሸጋል፤ ፎቶግራፉና አሻራውም ይጠፋል ወይም ለራሱ ይመለስለታል። የዩታ ግዛት በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ፎቶግራፉ፥ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፥ ሳይፈረድ እንዳይሰጥ ከልክሏል። በፌዴራሉ በኩልም በ1996 ዓ.ም. በሚሺጋን ያለ አንድ ጋዜጣ ተከራክሮ የተያዦችን ፎቶግራፍ ለማግኘት ተፈርዶለት ነበር፤ ያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2016 ዓ.ም. በ9 ዳኞች ድምፅ በ7 ላይ የቀድሞውን ፍርድ ለወጠው። ምክንያቱም ጊዜው ተለውጦ ነበርና ነው፤ ቀድሞ በማግሥቱ ከጋዜጣው ጋራ ይረሳ የነበረው ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ላይ ለዘለዓለም የሚቀር ሆነ። እንዲያውም ፎቶግራፎቹን ከሸሪፎች በነጻ ወስደው አውጥተው፥ ለማንሣት ከባለቤቱ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ተነሡ። እንዲህ ያለውን ንግድ የጆርጂያ ግዛት በ2013 ዓ.ም. በሕግ አገደ፤ ካሊፎርኒያም ተከተለ።

የራሱን መዝገብ የሚፈልግ ሰው ግን ይህ ሁሉ ድካም የለበትም። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ የአሻራውን ካርድና 18 ዶላር ለላከ ሰው ሁሉ በአገሪቱ ያለውን የመዝገቡን ዝርዝር ይሰጠዋል፤ አሻራው ስለሚመረመር የስም መመሳሰል አያሳስትም፤ ስሕተት ቢገኝበትም እንዲታረምለት የማመልከት መብት አለው። ከአሜሪካ ከሚመጣ ሰው ጋራ ውል የሚዋዋል ነጋዴ፥ ወይም ሠራተኛ የሚቀጥር ሹም፥ በስውር ወደ ሸሪፍ ከመጻፍ ይልቅ ይህንኑ ወረቀት ራሱ ባለቤቱ እንዲያቀርብ ይጠይቀው፤ በላዩም ከተያዘበት ቀን አጠገብ የፍርዱ ውጤት ያልተጻፈበት መስመር ቢያገኝ፥ ባለጉዳዩ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የነገሩን ፍጻሜ የሚገልጽ የታተመበት ግልባጭ እስኪያመጣ ድረስ ጊዜ ይስጠው።