ከማዕረጋቸው የወረዱ ፕላኔቶች

አንባብያን ሆይ፤ መምህራችሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ፀሐይን በመካከል አድርጎ ፕላኔቶችን በዙሪያዋ ሲሥል ስንት ነበሩ? ከእናንተ መካከል ዘጠኝ የሚል አይጠፋም፤ ስምንት የሚልም አለ። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ልዩነቱ የመጣው ከትምህርት ቤት ዘመናችሁ ነው። ነገር ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ የአውሮፓ ተማሪ ይህ ጥያቄ ቢቀርብለት ኖሮ ሳያመነታ ‹‹አሥራ አንድ›› ብሎ ይመልስና ሙሉ ነጥቡን ይወስድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰማይ የወደቀም ሆነ የጠፋ ፕላኔት የለም። የተለወጠው የሰው መዝገብ ነው። ታሪኩም እንደሚከተለው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።)

በሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ፣ በንጉሡ ቤተ መንግሥት ግንብ ላይ አንድ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ነበረ። የቤቱ ኃላፊ ጁዜፔ ፒያሲ የተባለ መነኩሴ ነው። ሥራው አዲስ ነገር መፈለግ አልነበረም፤ ከዋክብትን አንድ በአንድ እየለካ በመዝገብ ማስፈር ነበር እንጂ። ጠባዩ ጥንቁቅ ስለ ነበረ አንዱን ኮከብ አንድ ሌሊት ለክቶ አይተወውም፤ በሌላ ሌሊት ተመልሶ ደግሞ ይለካዋል። አሰልቺ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ይህ መሰላቸት የሌለበት ልማዱ ስሙን እስከ ዛሬ አስጠራው።

በጥር 1 ቀን 1801 ሌሊት፣ ታውረስ ከሚባለው የከዋክብት ክምችት አጠገብ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ለክቶ መዘገበ። በማግሥቱ ተመልሶ ሲያያት ከቦታዋ ፈቀቅ ብላ አገኛት። አለካኩ የተሳሳተ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን በሦስተኛውም በአራተኛውም ሌሊት እንዲሁ ፈቀቅ ስትል ተመለከተ። ኮከብ እንዲህ አይሄድም። ፒያሲ ለሕዝብ ያስታወቀው ‹‹ጅራታም ኮከብ አገኘሁ›› ብሎ ነው፤ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ግን ከጅራታም ኮከብ የተሻለ ነገር ሳይሆን እንደማይቀር ገለጸለት። የካቲት 11 ቀን እስኪደርስ 24 ጊዜ ተመለከታት። ከዚያ በኋላ ታመመ፤ እርስዋም ወደ ፀሐይ ብርሃን ተጠግታ ከዓይን ተሰወረች።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከወራት በኋላ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ስትወጣ በየት በኩል ይፈልጓት? ሰማይ ሰፊ ነው፤ ፒያሲ ያያት ደግሞ ከጠቅላላ መንገዷ ጥቂቱን ብቻ ስትጓዝ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የስሌት ዘዴ ለዚህ አልበቃም። በዚህ ጊዜ በጀርመን አገር የነበረ ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ወረቀትና ብዕር ይዞ ተቀመጠ። ቴሌስኮፕ አልነካም፤ የፒያሲን ቁጥሮች ብቻ ይዞ አዲስ የስሌት መንገድ አወጣና ‹‹በዚህ ቦታ ፈልጓት›› አለ። ባሮን ፎን ዛክ የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ሌሊት፣ ታኅሣሥ 31 ቀን፣ ጋውስ ባመለከተው ስፍራ አጠገብ አገኛት። ከተማሪዎች መካከል ‹‹ሒሳብ ለምን ይጠቅመኛል?›› የሚል ቢኖር ይህን ያስብ።

ፒያሲ ሴሬስ ብሎ ሰየማት፤ የጥንት ሮማውያን የእህል አምላክ ስም ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው ስፍራ ባዶ መሆኑ ሊቃውንቱን ሲያስገርማቸው ቆይቶ ስለ ነበር፣ እነሆ የጎደለችው ፕላኔት ተገኘች ተብሎ ደስታ ሆነ። ደስታው ግን ብዙ ጊዜ አልቆየም። በ1802 በዚያው አካባቢ ፓላስ የምትባል ሌላ ተገኘች፤ በ1804 ጁኖ፣ በ1807 ደግሞ ቬስታ ተጨመሩ። ዊልያም ኸርሸል፣ ኡራኑስን በ1781 ያገኘው ዝነኛ ሰው፣ እነዚህ ትንንሾች ‹‹ፕላኔት›› በሚለው ታላቅ ስም መጠራታቸው ስላልተዋጠለት በ1802 ‹‹አስቴሮይድ›› የሚል ስም አወጣላቸው፤ ትርጉሙ ኮከብ መሳይ ማለት ነው። የራሱን ግኝት ክብር ለመጠበቅ ብሎ ነው ያሙት ሰዎችም አልጠፉም። መጻሕፍቱ ግን አልሰሙትም፤ አራቱን ጨምረው አሥራ አንድ ፕላኔት እያሉ ለአርባ ዓመት ያህል አስተማሩ።

ይህን ቁጥር ያፈረሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ አንባብያንን ደስ እንደሚያሰኝ ተስፋ አደርጋለሁ፣ በፖስታ ቤት ያገለገለ ሰው ነው። ካርል ሄንከ ይባላል። ማንም ሳያዝዘው በገዛ ቴሌስኮፑ 15 ዓመት ሰማዩን ሲፈልግ ቆይቶ በ1845 አምስተኛዋን አገኘ። ከእርሱ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ በየዓመቱ ይገኙ ጀመር፤ በ1868 ቁጥራቸው ከመቶ አለፈ። መቶ ስም ለተማሪ በቃል ማስጠናት የሚችል መምህር የለምና፣ ሊቃውንቱ ሴሬስንና ጓደኞቿን ከፕላኔቶች መዝገብ አውጥተው በተራ ቁጥር ወደ ሌላ መዝገብ አዛወሯቸው። ዛሬ በዚያ መዝገብ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ አሉ። ይሁን እንጂ በማርስና በጁፒተር መካከል ያሉት ሁሉ ቢሰበሰቡ ከጨረቃ ክብደት ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ቢሆኑ ነው፤ ከዚያም ሲሶ የሚያህለው ሴሬስ ብቻዋን ናት።

ስፋቷን በቀላሉ ለመገመት፣ ሴሬስ ከጫፍ እስከ ጫፍ 940 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ቆዳዋ ቢገፈፍና ቢዘረጋ የኢትዮጵያን ስፋት ሁለት ጊዜ ተኩል ይሆናል። የመሳብ ኃይሏ በጣም ደካማ ስለ ሆነ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ እዚያ ቢወሰድ እንደ ሦስት ኪሎ እንኳ አይከብድም። ቀኗ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዓመቷ ግን የእኛን አራት ዓመት ከሰባት ወር ያህል ይፈጃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተሻሪ እንሂድ።

ክላይድ ቶምቦ በአሜሪካ በካንሳስ አገር ያደገ የገበሬ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አስቦ ሳለ በረዶ የቤተሰቡን አዝመራ አጠፋውና አሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። እርሱ ግን ቴሌስኮፕ በእጁ ሠርቶ ማርስንና ጁፒተርን እየተመለከተ ሥዕላቸውን ያነሣ ነበር። ሥዕሎቹን በአሪዞና ወደሚገኘው የሎዌል መመልከቻ ቤት ላከ፤ እነርሱም በ1929 ቀጠሩት። የተሰጠው ሥራ አንድን የሰማይ ክፍል በተለያዩ ሌሊቶች በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ አንሥቶ ሁለቱን ማስተያየት ነው። በእያንዳንዱ መስተዋት ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች አሉ፤ ከነዚያ መካከል ቦታዋን የለወጠችውን አንዷን መለየት ነበረበት። በየካቲት 18 ቀን 1930 አገኛት። ዕድሜው 24 ዓመት ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባው ፕላኔት ካገኘ በኋላ ነው! ለአዲሷ ፕላኔት ‹‹ፕሉቶ›› የሚለውን ስም ያቀረበችው ደግሞ ቬኔሽያ በርኒ የተባለች የ11 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ ናት።

ፕሉቶ በመጀመሪያ መሬትን የምታህል ትልቅ ነገር መስላ ነበር። እየተመረመረች በሄደች ቁጥር ግን እያነሰች መጣች። በ1978 ካሮን የምትባል ጨረቃዋ ስትገኝ ክብደቷን በትክክል መመዘን ተቻለ፤ ከመሬት አራት መቶኛ እንኳ የማትሞላ ሆና ተገኘች። ስፋቷ 2,377 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእኛ ጨረቃ ትበልጣታለች። እንዲህም ሆና ብቸኛ እስከ ነበረች ድረስ ማዕረጓን የነካባት አልነበረም። በ1992 ከኔፕቱን ባሻገር ሁለተኛ ተገኘ፤ ከዚያም በመቶ የሚቆጠሩ ተከተሉ። በ2005 ኤሪስ የምትባለው፣ በስፋት ከፕሉቶ ጋር የምትተካከል በክብደት ግን የምትበልጣት፣ መገኘቷ በታወቀ ጊዜ ነገሩ አፈጠጠ። ወይ ኤሪስ አሥረኛ ፕላኔት ትባላለች፤ ወይ ፕሉቶ ዘጠነኛነቷን ትለቃለች።

በነሐሴ 24 ቀን 2006 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር በፕራግ ከተማ ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠ። አንድ አካል ፕላኔት ለመባል ሦስት ነገር ያሻዋል ተባለ። ይኸውም ፀሐይን መዞር፣ በገዛ ስበቱ ክብ መሆን፣ በሚሄድበት መንገድ ዙሪያ ሌሎችን ጠርጎ ብቻውን ገዢ መሆን ናቸው። ሦስተኛውን ያላሟላ ክብ አካል ‹‹ድንክ ፕላኔት›› ይባላል። ፕሉቶ ወረደች፤ ሴሬስ ግን ከአስቴሮይድነት አንድ ደረጃ ከፍ አለች። ማኅበሩ እስካሁን በዚህ ስም የመዘገባቸው አምስት ናቸው፤ ሴሬስ፣ ፕሉቶ፣ ኤሪስ፣ ሃውሜአና ማኬማኬ።

ብዙ ሰው ተቆጣ። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ ‹‹ዋና ጸሐፊ›› ሲባል የኖረ ሰው፣ በኋለኛው ክፍል እርሱን የመሰሉ ብዙ ጸሐፊዎች መኖራቸው ድንገት ቢታወቅ፣ ሥራው አንዳች ሳይቀንስ ማዕረጉ ይቀንሳል። በፕሉቶ የደረሰው ይኸው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በበኩሉ ውሳኔውን አይቃወምም፤ ሴሬስ በተመዘነችበት ሚዛን ፕሉቶም ልትመዘን ይገባ ነበርና። ነገር ግን የስሙ አወጣጥ ያስቃል። ድንክ ሰው ሰው እንደ ሆነ ማንም ያውቃል፤ ድንክ ፕላኔት ግን ፕላኔት አይደለም ተብሎ ተወሰነ! ድምፅ የሰጡትም ከብዙ ሺህ አባላት መካከል በመቶ የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው።

ሌላም እንከን አለበት። ደንቡ ‹‹ፀሐይን የሚዞር›› ስለሚል በፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም በእኛ ጋላክሲ፣ ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩትን አይመለከታቸውም። እነርሱም ዛሬ በሺህ ይቆጠራሉ። ከነርሱ መካከል በ2013 የታወቀው ኬፕለር 37 ቢ የተባለው ከእኛ ጨረቃ ብዙም የማይበልጥ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሞቶ በፍጥነት በሚሽከረከር አንድ ኮከብ ዙሪያ፣ ክብደቱ የጨረቃን ሁለት እጥፍ ያህል የሆነ ትንሽ ዓለም ተገኝቷል። እነዚህን ሁሉም ያለ ክርክር ፕላኔት ይሏቸዋል። በጣም ሩቅ ስለ ሆኑ በመንገዳቸው ጎረቤት ይኑራቸው አይኑራቸው የሚያይ የለም።

ይህ ሁሉ የስም ክርክር ሲካሄድ ሁለት መንኮራኩሮች በመንገድ ላይ ነበሩ፤ የደረሱትም በአንድ ዓመት፣ በ2015፣ ነው። ዶውን የተባለችው መጋቢት 6 ቀን ወደ ሴሬስ ደርሳ ትዞራት ጀመር። ኦካቶር በተባለ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ በጨለማ መካከል የሚያበሩ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። ያን ጊዜ ያልተወራ ነገር የለም፤ ‹‹የከተማ መብራት ነው›› ያሉም ነበሩ። ተመርምሮ ሲታወቅ ጨው ነው፤ ያውም ሶዲየም ካርቦኔት፣ በአገራችን ከአብያታ ሐይቅ የሚወጣው ሶዳ አሽ። ከሴሬስ ሆድ ውስጥ ጨዋማ ውሃ ወደ ላይ ፈንድቶ ወጥቶ፣ ውሃው በኖ ሲጠፋ ጨዉ ቀርቷል። ድንጋይ ብቻ ናት ተብላ የተናቀችው ሴሬስ በውስጧ ፈሳሽ ይዛ ቆይታለች ማለት ነው።

ኒው ሆራይዘንስ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ተጉዛ በሐምሌ 14 ቀን በፕሉቶ አጠገብ አለፈች። ፎቶግራፎቹ ከደረሱ በኋላ ‹‹የሞተ የበረዶ ኳስ›› የሚለው ንግግር ቀረ። ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የናይትሮጂን በረዶ ሜዳ ታየ፤ በላዩ አንድም የግጭት ጉድጓድ አልነበረበትም። ይህም መሬቱ በቅርብ ዘመን እየታደሰ መኖሩን ያስረዳል። አጠገቡ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የውሃ በረዶ የቆሙ፣ ከ3,000 ሜትር የሚበልጡ ተራሮች አሉ። ሰማይዋም ሰማያዊ ጉም አለው። መንኮራኩሯ በውስጧ በ1997 ከሞተው ከክላይድ ቶምቦ አመድ ጥቂቱን ይዛ ነበር። የበረዶ ዝናብ ከዩኒቨርሲቲ ያስቀረው የገበሬ ልጅ በዚህ ሁኔታ ያገኛትን ዓለም በቅርብ አልፎ ሄደ።

ዶውን ነዳጇ በ2018 አልቆ ድምፅዋ ጠፋ፤ ሆኖም ሴሬስ ላይ እንዳትወድቅና ባዕድ ነገር እንዳታስገባባት ታስቦ በተመረጠ መንገድ ገና በዝምታ እየዞረቻት ነው።

ሴሬስን በዓይናችሁ ለማየት ብትፈልጉ የፒያሲ ግንብ አያስፈልጋችሁም። የእኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነ የፕላኔቶች መንገድ ከአናታችን በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። ሴሬስ ለመሬት በምትቀርብበት ወራት የሚገኝባትን ቦታ ከከዋክብት ካርታ ተመልከቱ፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከተማ መብራት ራቅ በሉና የሁለት ዓይን መነጽር ይዛችሁ ወደዚያው አነጣጥሩ። በመነጽሩ ውስጥ የምታዩአቸውን ከዋክብት ሁሉ በወረቀት ላይ በነጥብ ሣሉ። በማግሥቱ፣ ቢሻልም ከሦስት ቀን በኋላ፣ ያንኑ ቦታ እንደገና ሣሉና ሁለቱን ወረቀቶች አስተያዩ። ከቦታዋ ፈቀቅ ያለችው ነጥብ ሴሬስ ናት።