የማዕዘን ትምህርትና የአያት እግር

ልጆች ይዘውት ከሚመጡት የቤት ሥራ መካከል “አንድ ጨረር ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲያርፍ…” ብሎ የሚጀምር ጥያቄ አይጠፋም። ብዙ ወላጆች “ይሄን እንኳ ረስተነዋል” ብለው ደብተሩን ይመልሳሉ። ረጅም ዘመን በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝና፣ እኔ ይህን ትምህርት ከልጆቹ እኩል አያቶችም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ በተለይ የስኳር ሕመም ያለባቸው። ምክንያቱ ወደ በኋላ ይመጣል፤ መጀመሪያ የቤት ሥራውን እንጨርስ።

ሕጉ አንድ ነው

ብርሃን መስታወት ላይ ሲያርፍ እንደ ኳስ ነጥሮ ይመለሳል። ፊት ለፊት ከመታው በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ሰያፍ ከመታው በዚያው ልክ ሰያፍ ሆኖ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። ግድግዳም ብርሃን ይመልሳል፤ ነገር ግን ገጹ ሻካራ ስለሆነ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። መስታወት ግን ልሙጥ ነው፤ ከብርጭቆው ጀርባ ያለው ስስ የብር ወይም የአልሙኒየም ቅብ ጨረሮቹን ሥርዓታቸውን ሳያፈርስ ይመልሳቸዋል። መልካችንን የምናየው ለዚህ ነው።

ማዕዘኑን ለመለካት ጨረሩ ካረፈበት ነጥብ ተነሥተን ከመስታወቱ ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራ መስመር እናሰምራለን። ይህ መስመር ቀጤ ነክ ይባላል። ጨረሩ ሲመጣ ከዚህ መስመር ጋር የሚሠራው ማዕዘንና ሲመለስ የሚሠራው ማዕዘን እኩል ናቸው። ሕጉ ይኸው ነው።

ልጆች የሚሳሳቱበት ቦታ

ጥያቄው “ጨረሩ ከመስታወቱ ገጽ ጋር 35 ዲግሪ ቢሠራ፣ የሚመለስበት ማዕዘን ስንት ነው?” ቢል ብዙ ልጅ ቶሎ ብሎ “35” ይላል። ነገር ግን 35 የተለካው ከገጹ ነው፤ ሕጉ ደግሞ የሚለካው ከቀጤ ነኩ ነው። ስለዚህ 90 ሲቀነስ 35፣ 55 ዲግሪ ይሆናል። ሲመለስም 55 ነው። በሁለቱ ጨረሮች መካከል ያለው ስፋት 55 ሲደመር 55፣ 110 ዲግሪ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ “መስታወቱን 5 ዲግሪ ብናዘነብለው የሚመለሰው ጨረር ስንት ዲግሪ ይዞራል?” የሚል ነው። መልሱ 10 ነው። መስታወቱ ሲዞር ቀጤ ነኩም አብሮ 5 ዲግሪ ስለሚዞር፣ የመጪውም የተመላሹም ማዕዘን በ5 በ5 ይለወጣል። ይህን መልስ ያዙልኝ፤ አሁን እንፈልገዋለን።

ወደ እግራችን እንምጣ

የስኳር ሕመም ሲቆይ የእግር ነርቮችን ሊጎዳ ይችላል። ያን ጊዜ ጠጠር ቢወጋ፣ ጫማ ቢልጥ፣ ሙቅ ውሃ ቢያቃጥል ሕመሙ አይሰማም። ሰውየው ቁስሉን የሚያውቀው ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ወይም ሽታ ሲመጣ ነው። ያመረቀዘ ቁስል ደግሞ እግር እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ሕመም የማይነግረንን ዓይን ይንገረን፤ እግር በየቀኑ መታየት አለበት። ጎንበስ ማለት የማይችሉ አዛውንት ግን የውስጥ እግራቸውን እንዴት ይዩ?

መልሱ በመስታወት ነው። አያት ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ አንድ እግራቸውን ዘርግተው ተረከዛቸውን ዱካ ላይ ያሳርፉ። ከእግራቸው ፊት ለፊት፣ ሁለት ክንድ ባልሞላ ርቀት፣ ሌላ ወንበር አድርጉና መካከለኛ መስታወት መደገፊያው ላይ አስደግፉ። አያት ከጣቶቻቸው በላይ አሻግረው መስታወቱን ሲያዩ የውስጥ እግራቸው ይታያቸዋል።

የሚታየው የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ከሆነ መስታወቱ ወደ ኋላ በጣም ጋድሟል ማለት ነው፤ ትንሽ ቀጥ አድርጉት፣ ተረከዙ ይመጣል። ብዙ አትግፉት። 5 ዲግሪ 10 እንደሚሆን አይተናል፤ ለመስታወት ጥቂት ይበቃዋል።

ብርሃኑስ? መስታወት የራሱ ብርሃን የለውም። ክፍሉ ጨለም ካለ የስልካችሁን መብራት ከአያት ዓይን አጠገብ ይዛችሁ ወደ መስታወቱ አብሩ። ብርሃን በሄደበት መንገድ ስለሚመለስ፣ መብራቱ ዓይን የሚያየውን ቦታ ያገኘዋል።

መነጽርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በመስታወት ውስጥ ያለው ምስል የሚታየው ከመስታወቱ ጀርባ ነው። ከዓይን እስከ መስታወት 120 ሳንቲ ሜትር፣ ከመስታወት እስከ እግር 40 ቢሆን፣ አያት እግራቸውን የሚያዩት በ160 ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው። ስለዚህ የንባብ መነጽር ያደበዝዝባቸዋል። ዓይናቸው የደከመ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብ ዓይን ይተካ።

ምን እንፈልግ?

መላጥ፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ፣ ንቃቃት፣ መቅላት፣ መጥቆር፣ እብጠት፣ የተሰካ ነገር። በጣቶች መካከል ያለውን መስታወት አያሳይም፤ እሱን ሌላ ሰው ከፍቶ ይመልከት። በመስታወቱ ግራ በኩል የታየ ቁስል በእግሩም ያለው በራሳቸው በአያት ግራ በኩል ነው፤ አይዘዋወርም። አዲስ ቁስል ከተገኘ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው እንጂ በምላጭ መቁረጥ ወይም ቅጠል ማሰር አይገባም። “አያምም” ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

ዛሬ ማታ የቤት ሥራ ሲሠራ ልጁን “መስታወቱን ለአያትህ አስተካክልላቸው” በሉት። ማዕዘኑን እሱ ይለካ፣ እግሩን እሳቸው ይዩ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።