ላሽ

ላሽ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚከሰት የፀጉር መርገፍ ነው። ብዙ ጊዜ በራስ ላይ ሳንቲም የሚያክል ክብና ልሙጥ ቦታ ሆኖ ይጀምራል፤ ጢምና ቅንድብንም ሊያረግፍ ይችላል። ከ100 ሰዎች 2 ያህሉን በሕይወት ዘመናቸው ይይዛቸዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

አመጣጥ

ነጭ የደም ሕዋሳት በማደግ ላይ ያለውን የፀጉር ሥር ይከቡትና ፀጉሩ ይረግፋል። ሥሩ ስለማይሞት ግን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም እንደገና ሊበቅል ይችላል። ጥቃቱ በይበልጥ ቀለም ባለው ፀጉር ላይ ስለሚያተኩር ሽበት ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ አዲስ የሚበቅለውም መጀመሪያ ነጭ ሊሆን ይችላል።

ከቆረቆር የሚለይበት

ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣና በተለይ ሕፃናትን የሚይዝ ተላላፊ በሽታ ነው። ቦታው ይቀረፋል፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩም ይሰባበራል፤ በማበጠሪያ፣ በኮፍያና በፀጉር መቁረጫ ይተላለፋል። በላሽ የተመለጠ ቦታ ግን ቅርፊት የለውም። ሁለቱን ማምታታት ጉዳት አለው፦ ላሽ የያዘው ልጅ ያለምክንያት ከጓደኞቹ ይገለላል፤ በቆረቆር ላይ የተቀባ የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ ፈንገሱን ያባብሳል። አጠራጣሪ ሲሆን ከቦታው ተፍቆ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ይመረመራል።

ከሌሎች የቆዳ በሽታዎች ጋር ያለው ግንኙነት

ላሽ ያለበት ሰው ችፌ፣ ለምጽ ወይም የታይሮይድ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። በልጅነት የጀመረና ችፌ የታከለበት ላሽ የመጠንከር አዝማሚያ አለው። ጥፍር ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች በላሽም በሶርያሲስም ስለሚኖሩ ብቻቸውን በሽታውን አይለዩም።

ሕክምና

ጥቂት ትናንሽ ቦታዎች ያለ መድኃኒት ሊድኑ ይችላሉ። ካልሆነ ስቴሮይድ በቅባት ወይም በቦታው ላይ በመርፌ ይሰጣል። ለከባድ ላሽ ባሪሲቲኒብ የተባለው እንክብል በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአዋቂዎች ተፈቅዷል፤ ሲቆም ግን ፀጉሩ ተመልሶ ሊረግፍ ይችላል። ለቆረቆር እንደ ግሪሴኦፉልቪን ያለ የሚዋጥ ፀረ ፈንገስ ለሳምንታት ያስፈልጋል፤ ቅባት ብቻውን እስከ ፀጉሩ ሥር አይደርስም።

በአዊ ዞን የሚኖር ታማሚ በቅርቡ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ወይም በእንጅባራና በዳንግላ ሆስፒታሎች የመጀመሪያ ምርመራ ማድረግ ይችላል። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል። በኢትዮጵያ በቆዳ ሕክምና ከሚታወቁት መካከል ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳና አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ይገኙበታል።