የፋሲካ አሮስቶ በጫግኒ፤ ቅርጫ ወይስ ሙሉ በግ?

ኢጣሊያኖች ለበዓል እራት ከሚያቀርቧቸው ጥብሶች አንዱ ከአሳማ ሥጋ የሚሠራው አሮስቶ ነው። አጥንቱ የወጣለት ሥጋ በነጭ ሽንኩርት፣ በጥብስ ቅጠል፣ በእንስላልና በቁንዶ በርበሬ ይታሻል፤ ተጠቅልሎ በሲባጎ ይታሰርና ፎርኖ ይገባል። ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጫግኒ ግን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ፣ ሥጋው ገበያ የለውም። ቅመሙ ግን እንግዳ አይደለም፤ የጥብስ ቅጠል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራው ነው። መቀየር ያለበት ሥጋው ብቻ ነው።

ለዚህም በግ ቅርብ ነው። በኢጣሊያም የፋሲካ ገበታ የሚታወቀው በጠቦት ሥጋ ነው። በአዊና በጎጃም ደግሞ የዳንግላ በግ እየተባለም የሚጠራው የዋሸራ በግ አለ። ጥያቄው የአገዛዙ ነው።

ቅርጫ የሚመረጠው ወጪን ስለሚያካፍል ነው። የበሬው ሥጋ ሲመደብ ከሽንጡም ከጎድኑም ከታፋውም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ይህ ክፍፍል ለወጥና ለተራ ጥብስ ይስማማል። አሮስቶ ግን ከአንድ ኪሎ በላይ የሆነ፣ ያልተቆራረጠ አንድ ብልት ይፈልጋል። የቅርጫው ፍትሐዊነት ለአሮስቶ አይመችም ማለት ነው። ስለዚህ ያለው አማራጭ የበግ የኋላ እግር ነው።

የበጉ ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው በሥጋው ነው። ከቁም ክብደቱ ከ40 እስከ 45 በመቶው ከነአጥንቱ ሥጋ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ለስሌት ያህል 25 ኪሎ የሚመዝን በግ በ10,000 ብር ተገዛ እንበል። በ40 በመቶ ሲሰላ 10 ኪሎ ሥጋ ይገኛል፤ ቆዳውና የሆድ ዕቃው ሳይቆጠር ኪሎው 1,000 ብር ወጣ ማለት ነው። አንዱ የኋላ እግር 1.7 ኪሎ ቢሆን ዋጋው 1,700 ብር ይሆናል። አጥንቱ ሲወጣ 1.36 ኪሎ ግድም ይቀራል፤ ሲጠበስ ሩቡን ቢያጣ ገበታ ላይ የሚደርሰው 1 ኪሎ ነው። በ1,000 ብር የተገዛው ኪሎ በ1,700 ብር ተበላ ማለት ነው።

ኪሳራው የሚበረታው እሳት ላይ ነው። ሥጋው ከመጠን በላይ ደርቆ 40 በመቶውን ቢያጣ የሚቀረው 800 ግራም ግድም ብቻ ነው፤ ወደ 340 ብር የሚጠጋ ሥጋ ተነነ ማለት ነው። በጥብስ ቅጠል እስር ላይ የሚደረግ ክርክር ይህን አይመልስም።

ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከእርዱ ነው። አዲስ የታረደ ሥጋ ጠንካራ ስለሚሆን ታሽቶና ታስሮ በቀዝቃዛ ቦታ ይደር። ጾሙ ሌሊት በዶሮ ወጥ ስለሚፈታ አሮስቶው ለእሑድ እራት ይደርሳል። በ180 ዲግሪ ፎርኖ ከ1 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ፎርኖ የሌለው ወፍራም ብረት ድስት ተጠቅሞ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ለስለስ ያለ ፍም ሊያደርግለት ይችላል። ከወጣ በኋላ 15 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይረፍ፤ ያለዚያ ጭማቂው ቢላዋው ሥር ይቀራል።

የመግዣው ጊዜም ዋጋ አለው። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ተቀዛቅዞ የቆየው ፍላጎት በበዓሉ ዋዜማ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ቀድሞ የገዛ የመኖና የሞት ሥጋት ይሸከማል፤ ዋዜማውን የጠበቀ ደግሞ የሻጩን ዋጋ ይቀበላል።

በሁለቱ መካከል ክፍት የንግድ ቦታ አለ። አሮስቶ ለሚፈልግ ቤተሰብ የሚያስፈልገው 1,700 ብር የሚያወጣው እግር ነው፤ አሁን ግን ሙሉውን 10,000 ብር ማሰር ይኖርበታል። የኋላ እግሩን ሳይቆራርጥ በትዕዛዝ የሚሸጥ ልኳንዳ እግሩን ከቀሪው ሥጋ በተሻለ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ቀሪውን ለወጥ ፈላጊው በኪሎ ከሸጠም በጉ ሳይባክን ያልቃል።